ከውስጥ የሚንኳኳ በር

አሮጊቷ ከነጋ ጀምሮ የገዛ ቤታቸውን በር ከውስጥ ሆነው ያንኳኳሉ። ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ ያደርጉና፣ ሰው ደጃፍ ላይ እንደቆመ ጨዋ እንግዳ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። የሚመልስላቸው ሲጠፋ፣ «የቤቱ ሰዎች፣ ክፈቱልኝ እንጂ፤ መሽቶብኛል፣ ቤቴ ልግባ» ይላሉ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ነው። እዚህ ቤት ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ በሩን ያስገጠሙት ራሳቸው፣ አረንጓዴ ይሁንልኝ ብለው ከቀቢው ጋር የተጨቃጨቁትም ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ለመሳቅም ለማልቀስም ጊዜ የላትም። ሻይ እየቀዳች፣ የእናቷን ሹራብ እየቆለፈች፣ በልቧ ደግሞ ወንድሟ ቁልፍ ሠሪ ይዞ የሚመጣው በስንት ሰዓት ይሆን እያለች ታሰላለች።

እስከ ሁለት ወር በፊት ድረስ የአሮጊቷ መርሳት ለጨዋታ የሚሆን መርሳት ነበር። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ቤቱን ያተራምሳሉ፣ ሲነገራቸው ከሁሉ ቀድመው የሚስቁት ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ታላቁ ልጃቸው ቤቱ ይሸጥ የሚል ነገር ይዞ መጣ። በመጀመሪያ በምክር ነበር፣ ቀጥሎ በቁጣ፣ አሁን አሁን ደግሞ በየምሽቱ በሩ ላይ በቡጢ ሆኗል። እሱ ሲመጣ እህትየው መብራቱን ታጠፋለች፣ የስምንት ዓመት ልጇን እቅፏ ውስጥ ታስገባለች፣ አፏን በመዳፏ ከድና፣ «ሲንኳኳ ዝም ነው» ትላታለች በጆሮዋ። ሦስት ትውልድ ጨለማ ውስጥ ተኮራምቶ የሰው ቡጢ ይቆጥራል። እሱ ደክሞት ሲሄድ መብራቱ ይበራል፤ ማንም ስለ ነገሩ አይናገርም፣ ሁሉም ወደ አልጋው ይሄዳል።

በነዚህ ሁለት ወራት አሮጊቷ የቀናቸውን መውጫና መግቢያ አጡ፤ ሁለት ጊዜም ጠፍተው ተገኙ። ስለዚህ በሩ ከውጭ ይቆለፍባቸዋል፤ ጎረቤት ያሉት ጡረታ የወጡ ነርስ አራት ሰዓት ላይ በትርፍ ቁልፍ ገብተው ያዩአቸዋል። ልጅቷ አልጋዋን ማርጠብ ጀመረች፤ አስተማሪዋም ደብተሯ ላይ፣ የክፍሉ በር በተንኳኳ ቁጥር እርሳሷ ከእጇ ይወድቃል ብላ ጽፋ ላከች። እናትየው ደግሞ፣ ይህንን ለማንም አልነገረችም፣ ባለፈው ሳምንት የቤቱን ማንኪያ ከሥራ ቦርሳዋ ውስጥ አገኘችው። ማን እንደከተተው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ጥርሷን እየቦረሸች ራሷን ትፈትናለች፤ የስልክ ቁጥሯን ከኋላ ወደ ፊት፣ የጎረቤቶቿን ስም በየቤታቸው ቅደም ተከተል። አንዱ ከጠፋባት እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ነርሷ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ፣ «ጭንቀት እኮ እንደ ዕድሜው ነው የሚገባው። ያረጀውን ይጨርሰዋል፣ ያንቺ ዕድሜ ላይ ያለውን ያስረሳዋል፣ ልጅን ግን እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ያሳድገዋል» ብለዋት ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ሰው ማስፈራራት ይወዳሉ» ብላ ልብስ ማስጣቷን ቀጠለች። የፈራችው ግን ስለ ራሷ የተባለውን ብቻ ነበር፤ ስለ ልጅ የተባለው በጆሮዋ ጥግ አለፈ።

ሥራዋ የትምህርት ቤት ሰርቪስ ላይ ረዳትነት ነው። ሃያ ሁለት ሕፃናት ከየደጃፋቸው ትቀበላለች፣ ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች። ሲሳፈሩም ሲወርዱም የእያንዳንዳቸውን አናት በመዳፏ እየነካች ስለምትቆጥር «እትዬ ቁጥር» የሚል ስም አውጥተውላታል። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም ልጅ ጎድሎባት አያውቅም። ደንቡ ቀላል ነው። ባለ ሁለት ፊት ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ በአንድ በኩል በቀይ «ሰው አለ»፣ በሌላው በአረንጓዴ «ባዶ ነው» ተጽፎባታል። ርእሰ መምህሯ ቆርቆሮዋን የኋላው መስኮት ላይ ያሰቀሉት፣ ረዳቷ ልትገለብጣት ስትሄድ ግድ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ሥር ሥሩን እንድታይ ብለው ነው። ሾፌሩና እሷ ግን ከስድስት ወር በፊት ተመካከሩና ከሾፌሩ ጀርባ ምስማር መትተው ወደ ፊት አመጧት። ለአንዲት ቆርቆሮ ያን ሁሉ መንገድ ማን ይመላለሳል ተባባሉ። ሾፌሩ በመስታወቱ አረንጓዴ ካየ መኪናውን ነድቶ ወደ ማቆሚያው ግቢ ይወስዳል፣ ይቆልፋል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል። ስድስት ወር ሙሉ ምንም አልተፈጠረም፤ ምንም ሳይፈጠር የሚቆይ ነገር ደግሞ ትክክል ይመስላል።

ትናንት ማታ ወንድሟ ሲሄድ በበሩ ቀዳዳ፣ «ነገ ጠዋት ቁልፍ ሠሪ ይዤ እመጣለሁ፤ ሰብሬም ቢሆን እገባለሁ» ብሎ ነበር። ልጅቷ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ አደረች። እናት ይህን አይታ ወሰነች፤ ልጄ ይህን አታይም። ሌላ ቀን ከጎረቤት ልጆች ጋር በሁለት ሰዓት ተኩል በእግሯ ትሄድ የነበረችውን ልጅ ዛሬ ይዛት ወጣች። የሠራተኛ ልጅ ሰርቪስ ላይ እንዳይሳፈር በደንቡ የተከለከለ ነው፣ አንዷ ረዳት በዚሁ ተባርራለች፤ ሾፌሩም ቢያይ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሾፌሩ ጎማውን በእግሩ እየመታ መኪናውን ሲዞር፣ ልጅቷን በመጨረሻው ወንበርና ከፊቱ ባለው ወንበር መካከል ወለሉ ላይ አስተኛቻት፣ ጃኬቷንም ደረበችባት። ዕቅዱ ቀላል ነበር። ሃያ ሁለቱ ሲወርዱ መኪናው ወደ ግቢው ሲመለስ በልጅቷ ትምህርት ቤት ማዕዘን ያልፋል፤ እዚያ «ልውረድ» ትልና ይዛት ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ቢቆጣም ያልፋል።

«እስክጠራሽ ድረስ ቀና እንዳትዪ። ድምፅሽም እንዳይሰማ» አለቻት።

ልጅቷ በጃኬቱ ሥር ራሷን ነቀነቀች። ሁለት ማቆሚያ ሳያልፉ እንቅልፍ ወሰዳት።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሕፃናቱ መውረድ ጀመሩ። እናት በመኪናው በር ሥር ቆማ አናታቸውን እየነካች ትቆጥራለች። አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት። ስልኳ ጮኸ፤ ወንድሟ ነው። ላለማንሳት አስባ ነበር፣ እጇ ግን አነሳው። «በሩ ላይ ነኝ። እማዬ ከውስጥ እያለቀሰች ነው። እናታችንን እንደ ወንበዴ ቆልፈሽባት ነው የምትሄጂው? ቁልፍ ሠሪው መሣሪያውን አውጥቷል» አለ። ከበስተጀርባው ኳ ኳ ኳ ይሰማል። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ። «እንዳትነካው፣ መጣሁ። ጋሼ፣ እባክህ እንዳትነካው» ትላለች በአፏ፤ እጇ ግን ቆጠራውን አልሳተም። ከሁሉ ኋላ የወረደችው ቦርሳዋን ከኋላ ያመጣች ቀጭን ልጅ ናት። «እትዬ፣ ጃኬትዎ መሬት ወድቋል» አለቻት። «እሺ የኔ ቆንጆ» አለችና አናቷን ነካች። ሃያ ሁለት። ልክ ነው። እጇን ሰድዳ ቆርቆሮዋን ወደ አረንጓዴ ገለበጠች፣ «ቤት ችግር ገጥሞኛል፣ እዚሁ ልቅር» አለችው ለሾፌሩ፣ እሱም እጁን አነሳላት። መኪናው ሲሄድ ዞራ እንኳን አላየችም፤ ታክሲ እየፈለገች ነበር።

ቤት ስትደርስ ያየችው ነገር ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን አስይዞ ያስቃት ነበር። ወንድሟ ከውጭ ያንኳኳል፣ እናቷ ከውስጥ ያንኳኳሉ። እሱ «እማዬ ክፈቺ» ይላል፤ እሳቸው «የቤቱ ሰዎች ክፈቱልኝ» ይላሉ። ቁልፍ ሠሪው ደጃፉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቤተሰብ ሲጣላ የለመደ ሰው ስለሆነ፣ ብስኩት ይበላል። በቁልፏ ከፈተች። አሮጊቷ ብቅ አሉና ልጃቸውን አይተው ፊታቸው በራ፤ ወንድ ልጃቸውን ግን፣ «እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» ብለው ጠየቁ። ወንድሟ ጫማውን እያየ ገባ፣ ቁልፍ ሠሪውም ማንም ሳይጠራው ተከተለ።

ያቺ ሁለት ክፍል ቤት አራት ሰው ቆሞባት ጠበበች። ቁልፍ ሠሪው ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። «ይኼ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው፤ በዓመቱ ይዝጋል። ይኼኛው አራት መቶ፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከውስጥም ከውጭም ይቆልፋል» አለ። ወንድሟ ባለ አራት መቶውን አንስቶ በእጁ ገለባበጠው፣ ከዚያም መልሶ አስቀመጠው። የግራ ዓይኑ ቆብ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል፤ እህቱ ይህን በብርሃን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። የመጋዘን ኃላፊ ነበር፤ ከሥራ ከተሰናበተ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ለሚስቱ ሳይነግር በየጠዋቱ ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል። ቡጢው አብጦ እጁ በፋሻ ተጠምጥሟል። «እንቅልፍ የለኝም። ሁለት ሰዓት እተኛና እነቃለሁ። ከነቃሁ ደግሞ እግሬ ወደዚህ ነው የሚያመጣኝ» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። እህቱ ልትጮህበት ያዘጋጀችውን የሁለት ወር ንግግር ትታ ሻይ ማፍላት ጀመረች።

«ትንሿስ?» አሉ አሮጊቷ ከአልጋው ጫፍ።

«ትምህርት ቤት ናት እማዬ።»

ይህ ጥያቄ በቀን ሃያ ጊዜ ይጠየቃል። ልጅቷ ፊታቸው ተቀምጣ የቤት ሥራ እየሠራችም ይጠየቃል። መልሱም ተለምዶ ከአፍ እንጂ ከልብ አይወጣም። ሻዩ ፈላ። ቁልፍ ሠሪው ጠጣና ስለ አሮጌ በሮች አወራ፤ የድሮ እንጨት ቁልፍ ይይዛል፣ የዛሬው ግን እንደ ዳቦ ይፈረፈራል አለ። ነርሷ በሰዓታቸው መጡ፣ የወንድሟን ፊት አይተው ሳይቀመጡ ተመለሱ። ወንድምና እህት ስለ ቤቱ ማውራት ፈልገው ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ አወሩ፤ በየንግግሩ መካከል የአሮጊቷ ጥያቄ ይገባል። «ትንሿስ?» «ትምህርት ቤት ናት።» ወንድሟ እጁን እያሸ፣ «ካስፈራኋችሁ… እኔ እኮ እንድትከፍቺ ብዬ ነው» አለ። «ልጄ አልጋ ታረጥባለች» አለችው። እሱ ቀና አላለም። «ትንሿስ?» «ትምህርት ቤት እማዬ።» አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ውጭ ፀሐዩ አናት መብሳት ጀምሯል፤ ቁልፍ ሠሪው ላቡን በእጅጌው እየጠረገ፣ የዛሬው ሙቀት ብረት ያቀልጣል አለ።

«ትንሿስ?» አሉ አሮጊቷ።

«ትምህርት ቤት ናት አልኩሽ።»

«ማን አደረሳት?»

ይህን ጠይቀው አያውቁም ነበር። «እኔ» አለች ልጃቸው፣ ብርጭቆ እያጠበች። «እኔ ነኝ ያደረስኳት።» ከዚያም፣ አንዱን ዕቃ የት እንዳስቀመጠ ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው፣ ልጇን ስታደርስ ራሷን ለማየት ሞከረች። ማዕዘኑን ፈለገችው። የትምህርት ቤቱን ግራጫ በር፣ ወደ ውስጥ የምትሮጠውን ጀርባ፣ የተሰናበተችበትን እጅ። ምንም የለም። ሃያ ሁለት አናት አለ፣ አረንጓዴ ቆርቆሮ አለ። «ጃኬትዎ መሬት ወድቋል።» ብርጭቆው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ወንድሟ።

«መኪናው ውስጥ ናት» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ሰርቪሱ ውስጥ ረስቻት መጣሁ።»

ሰው አንዳንዴ ዘግይቶ ነው ራሱን የሚሆነው። ወንድሟ ምንም ሳይጠይቅ ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ እጇ ላይ አደረገ፣ «ሂጂ፣ እማዬን እኔ እይዛታለሁ» አላት። ታክሲው ውስጥ የሰርቪሱ ሾፌር ጋ አሥራ አንድ ጊዜ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሦስት ሰዓት፣ እያለች ታስባለች። ሦስት ሰዓት ሙሉ። መስኮቶቹ የተዘጉ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ሳታስበው እጇ ጭኗ ላይ መቁጠር ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እስከ ሃያ ሁለት፣ እንደገና ከአንድ። ሃያ ሦስት የሚባል ቁጥር ወደ እጇ አልመጣም። የታክሲው ሾፌር በመስታወት እያያት ነበር፤ አንድም ቃል ሳይናገር ቀይ መብራት ጣሰላት።

ግቢው ውስጥ ሰባት መኪና ተሰልፎ ነጭ ብርሃን ይመታዋል። ዘበኛው ከጥላው ተነሳ። «ቁልፉ ከሾፌሩ ጋ ነው። ምን ሆነሻል?» አላት። «ልጅ አለች፣ ውስጥ ልጅ አለች» አለችው። የዘበኛው ፊት አመድ መሰለ። «ቅድም… ወደ አራት ሰዓት ገደማ፣ የኋላው ወንበር ጋ ጃኬት የተንቀሳቀሰ መስሎኝ መስኮቱን አንኳኩቼ ነበር። ደጋግሜ ነው ያንኳኳሁት። ማንም አልመለሰልኝም፤ ዓይኔ ነው አልኩና ተውኩት» አለ። እሷ እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ድንጋይ አነሳች። የመጀመሪያው ምት መስታወቱን ሰነጠቀው፣ ሁለተኛው አፈረሰው፣ ከውስጥ የወጣው ትኩስ አየር ፊቷን ገረፈው። ያ ሁሉ ጩኸት ሲሆን ከውስጥ ምንም አልተንቀሳቀሰም። በተሰበረው መስኮት ስትንጠላጠል ዘበኛው ገፍቶ አስገባት፣ ክንዷን መስታወት ሲቀደው እንኳን አልታወቃትም።

ጃኬቱ ወንበሩ ሥር እንደ ተራራ ቆሟል። ገፈፈችው። ልጅቷ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቋል፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ቀሚሷ ርሷል። ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። ሁለቱንም እጆቿን አፏ ላይ ጭና ይዛለች።

ዘበኛው በጆግ ውኃ አመጣ፤ ከላይ አፈሰሰባት፣ በጥቂት በጥቂቱም አጠጧት። እናት ልጇን ታቅፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ማልቀስ ፈልጋ አልቻለችም። ፀጉሯን ከግንባሯ እያነሳች፣ «ሰውየው ሲያንኳኳ ነቅተሽ ነበር?» አለቻት።

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች።

«ታዲያ ለምን አልጮህሽም የኔ እናት?»

ልጅቷ ግራ በተጋባ ዓይን አየቻት፣ የሚያውቀውን ነገር መልሶ የሚጠይቅ ሰው እንደሚታይ። «ሲንኳኳ ዝም ነው» አለች።

ዘበኛው ፊቱን አዞረ። ልጅቷ ሁሉንም ልክ እንደታዘዘችው ነበር ያደረገችው፤ ቀና አላለችም፣ ድምፅዋ አልተሰማም፣ ሲንኳኳ ትንፋሿን ውጣለች። ይህን ትምህርት የሰጠቻት እናቷ ናት፤ በየምሽቱ፣ በጨለማ፣ በእጇ መዳፍ። ነርሷ በአጥሩ ላይ የተናገሩትን አሁን ነው ሙሉውን የሰማችው። ስለ ራሷ ጭንቅላት ስትፈራ፣ ስለ ማንኪያው ስትብሰለሰል፣ የስልክ ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት ስትደግም፣ ሌላ ጭንቅላት እዚያው እቅፏ ውስጥ እየተሠራ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የሷ ልብ ሁለት ወር ሙሉ በሩ ላይ ነበር።

ልጅቷ ከግቢው ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ ለሁለት ሰዓት ተኛች። የጤና መኮንኑ የደም ግፊቷን ለካ፣ ሕይወት አድን ዱቄት የተበጠበጠበት ውኃ አጠጣት፣ «ሰውነቷ ደህና ነው፤ ዕድለኛ ናችሁ፣ ዘበኛው እንዳለው ሾፌሩ የሱን መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጎ ትቶታል» አለ። እናት «ሰውነቷ» የሚለውን ቃል ይዛ ቀረች። ዘበኛው ስለ መስታወቱ መጻፍ እንዳለበት እያፈረ ነገራት፤ ጻፍ አለችው፣ ስሜን በትክክል ጻፍ። ሥራው ነገ እንደማይኖር ታውቃለች፤ ይህ ግን ዛሬ ከፈራቻቸው ነገሮች ሁሉ ትንሹ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጇን አዝላ ሰፈሯ ደረሰች። በመንገድ ላይ አሥር ጊዜ እጇን ወደ ኋላ እየሰደደች እግሮቿን ዳስሳለች፣ መኖሯን ለማረጋገጥ። ደጃፉ ላይ የቁልፍ ሠሪው ድንጋይ ባዶውን ቀርቷል፤ በሩ ላይ ያለው ቁልፍ አሮጌው ነው፣ ወንድሟ አላስቀየረውም። ከውስጥ ድምፁ ይሰማል፤ በሁለት ወር ውስጥ ሰምታው በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ተይ እማዬ፣ ቁጭ በይ፣ አሁን ይመጣሉ» ይላል። አሮጊቷ ግን አልሰሙትም። ኳ ኳ ኳ። «የቤቱ ሰዎች፣ ክፈቱልኝ እንጂ። ትንሿስ?»

ሴትየዋ ቁልፏን አወጣች። ይህን ጥያቄ ዛሬ ከልቧ ልትመልሰው ነው። «አለች እማዬ፣ መጣን» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት ከትከሻዋ በላይ ትንሽ እጅ መጣ፤ የጤና ጣቢያ ሳሙና ይሸታል፣ ጣቶቹ ቀዝቃዛ ናቸው። አፏን ከደነ። በሩ እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ፣ ልጅቷም መዳፏን አጠበቀች።